የርስት ወረቀትና የጉልበተኛ ሽጉጥ

ጆርጅ ስቲቨንስ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1953 የታየው «ሼን» የተባለው ፊልም ላዩ የተኩስ ታሪክ ቢመስልም ሥሩ የመሬት ክርክር ነው።

ነገሩ የሚፈጸመው በአሜሪካ በዋዮሚንግ ነው። ራይከር የተባለው የከብት ባለጠጋ ሸለቆውን በሙሉ ለመንጋው ማሰማሪያ ሊያደርገው ይመኛል፤ ጆ ስታሬትና ጎረቤቶቹ ግን አጥረው፣ አርሰው ይኖሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው ሕግ መሠረት 160 ኤከር፣ ማለት 65 ሄክታር ያህል መሬት ይዞ 5 ዓመት ተቀምጦ ያለማ ሰው ባለርስት ይሆን ነበር።

ራይከርም የሚለው አያጣም፤ አገሩን ቀድሞ ያቀናው፣ ደሙንም ያፈሰሰበት እርሱ መሆኑን ይናገራል። ስታሬትንም በመልካም ደመወዝ ሊያባብለው ይሞክራል። እምቢ በተባለ ጊዜ ግን ዊልሰን የተባለውን ነፍሰ ገዳይ ያስመጣል፤ እርሱም ቶሪ የተባለውን ገበሬ በነገር ወግቶ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ጭቃ ላይ ይገድለዋል። ሕግ አስከባሪው ሩቅ ነውና ጠያቂ የለም።

ይህም እንዲያው ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 በዚያው በዋዮሚንግ ትልልቅ የከብት ባለቤቶች ከቴክሳስ ተኳሾች ቀጥረው ወደ ጆንሰን አውራጃ ዘምተው ነበር፤ ዘማቾቹ ቢያዙም አንድም የተፈረደበት የለም።

በፊልሙ ፍጻሜ እንግዳው ሼን ራይከርንና ዊልሰንን ገድሎ ቆስሎ ይሄዳል። ገበሬዎቹ ዳኑ፤ ነገር ግን ያዳናቸው የያዙት ወረቀት ሳይሆን የአንድ መንገደኛ ቸርነት ነው። መንገደኛ ደግሞ ሁልጊዜ አያልፍም፤ ርስት የሚሰጥ ሕግ ዳኛውንም አብሮ ሊልክ ይገባዋል።