ተጨማሪ መረጃ፦ የቱቲ ደሴት ዳርቻና የዋና ጥንቃቄ

አበው ግዮን የሚሉት ዓባይ፣ የኢትዮጵያን ተራሮች አፈር ተሸክሞ ወርዶ፣ ከደቡብ ከሚመጣው ነጭ ዓባይ ጋራ በካርቱም በሚገናኝበት ሥፍራ፣ ቱቲ የምትባል ደሴት ትገኛለች። ውኃው በሚጎድልበት በበጋ ወራት በዳርቻዋ ሰፊ አሸዋ ስለሚገለጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት እስኪነሣ ድረስ የከተማው ሕዝብ በተንጠልጣዩ ድልድይ እየተሻገረ፣ ምንጣፍ አንጥፎና ሻይ አፍልቶ፣ ልጆቹን በዚያ ያጫውት ነበር።

ይሁን እንጂ ወንዙ በየክረምቱ ደለሉን ከአንዱ አንሥቶ በሌላው ስለሚከምር፣ ዓምና ከጉልበት የማያልፍ የነበረው ውኃ ዘንድሮ ሰው የሚያሰጥም ጥልቅ ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ረግቶ የሚታየውም፣ በተለይ ሁለቱ አፍላግ በሚጋጠሙበት ጫፍ፣ ከሥሩ እየተሽከረከረ ይጎትታል። ስለዚህ መዋኘት የሚሻ ሰው የደሴቲቱን ነዋሪዎች ጠይቆ፣ ከባልንጀራው ጋራ፣ መሬቱን በእግሩ እየዳሰሰ ይግባ፤ ዘሎ ግን ፈጽሞ አይጥለቅ። በወርኃ ነሐሴና በመስከረም፣ እጁን እስከ ክርኑ ያጠለቀ ሰው ጣቶቹን ማየት እስኪሳነው ድረስ ውኃው ሲደፈርስ፣ ከነጭራሹ አለመግባት ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የወንዙ ከፍታ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል አልፎ ቱቲንም አጥለቅልቋል።

ወራጁ ድንገት የወሰደው ሰው፣ ፊት ለፊት ታግሎ ጉልበቱን ከሚጨርስ፣ በጀርባው ተንሳፍፎ፣ እግሩን ወደ ወራጁ አቅጣጫ ዘርግቶ፣ አግድም ወደ ዳር ይቅዘፍ። በዳር የቆመውም ገመድ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ይወርውርለት እንጂ፣ ዋና ሳይችል ተከትሎት አይግባ፤ በአንድ ቤት ሁለት ሐዘን የሚገባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነውና።