የባቡር ልጅ፦ ታጣፊዋ ዶንኪ ኮንግ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ እዚህ ባይደርስ ኖሮ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ መጋላ፣ ከደቻቱ ወዲያ ከዚራ እንዲህ ባልደመቁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ዕቃም የባቡር ልጅ ናት።

ጉንፔይ ዮኮይ የተባለ የመጫወቻ አምራቹ የኒንቴንዶ መሐንዲስ በጃፓን ፈጣን ባቡር ሲጓዝ፣ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች እየነካካ ጊዜውን ሲገፋ አየ። ያን ጊዜ የሒሳብ ማሽን አምራቾች ብርቱ ፉክክር ውስጥ ገብተው የስክሪኑ ዋጋ በጣም ረክሶ ነበር። የዮኮይ እምነት ደግሞ የተለመደውንና የረከሰውን ዕቃ ለአዲስ ሥራ ማዋል ነው። ስለዚህ በ1980 «ጌም ኤንድ ዎች»፣ ጨዋታና ሰዓት እንደማለት፣ የተባሉትን ከኪስ የሚገቡ መጫወቻዎች ማውጣት ጀመረ።

ዶንኪ ኮንግ መጀመሪያ በ1981 የወጣችው በሳንቲም የምትሠራ፣ ቁም ሳጥን የምታህል ማሽን ሆና ነው። ኒንቴንዶ አሜሪካ ውስጥ ሳይሸጡ የቀሩ የሌላ ጨዋታ ማሽኖች ነበሩት፤ እነሱን የሚያድን አዲስ ጨዋታ እንዲፈጥር ወጣቱ ሺገሩ ሚያሞቶ ታዘዘ። ዮኮይ የበላይ ተቆጣጣሪው ሆነ። ጎሪላ አንዲት ሴት ጠልፎ ከላይ በርሜል ያንከባልላል፤ አንድ አናጢ በርሜሉን እየዘለለ ሊያድናት ይወጣል። ያ አናጢ በኋላ ማሪዮ ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው።

ቁም ሳጥኑን መዳፍ ላይ ለማሳረፍ ዮኮይ መምረጥ ነበረበት። በ1982 የወጣችው ብርቱካናማ ዶንኪ ኮንግ እንደ ቦርሳ መስታወት ተከፍታ ትዘጋለች፤ ሁለት ስክሪን አላት። በታችኛው አናጢው በርሜል እየዘለለ ይወጣል፤ በላይኛው በክሬን መንጠቆ ተንጠልጥሎ ጎሪላው የቆመበትን መድረክ ከያዙት አራት ማሰሪያዎች አንዱን ይነቅላል። አራቱ ሲነቀሉ ጎሪላው ይወድቃል።

ስክሪኗ እንደ ቴሌቪዥን ሥዕል አይሥልም። አናጢው የሚቆምበት፣ በርሜሉ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ መስታወቱ ውስጥ ለየብቻው ተቀርጿል፤ ኤሌክትሪክ የደረሰው ቅርጽ ብቻ ይጠቁራል። ስለዚህ አናጢው አይራመድም፤ እዚህ ጠፍቶ እዚያ ብቅ ይላል፣ ዐይናችን ነው የሚያራምደው። ዘንበል አድርጋችሁ በብርሃን ብታዩዋት፣ ተራቸው ያልደረሰ አናጢዎች ሁሉ እንደ ጥላ ደብዝዘው ይታያሉ። ከነገሯ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ትልቁ ውርሷ ግን በግራ በኩል ያለችው ቁልፍ ናት። ትልቁ ማሽን አናጢውን የሚመራው በቆመ ዘንግ ነበር፤ ታጥፎ በሚዘጋ ዕቃ ላይ ግን ዘንግ አይቆምም። ዮኮይ አራቱን አቅጣጫ በአንድ ጠፍጣፋ መስቀል ላይ ሰበሰባቸው፤ አውራ ጣት ሳይነሣ ወደ ሁሉም ይደርሳል። በዓመቱ ኒንቴንዶ ከቴሌቪዥን ጋር በሚያያዘው ፋሚኮም መቆጣጠሪያ ላይ ያችኑ መስቀል አደረገ፤ ዛሬም ከመጫወቻ መቆጣጠሪያዎች አልጠፋችም። የጌም ኤንድ ዎች ዝርያ በጠቅላላው ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ባለሁለት ስክሪኑ ታጣፊ ቅርጽም በ2004 በኒንቴንዶ ዲኤስ ተመልሶ መጣ።

ጨዋታው ሲያበቃ ሰዓት ትሆናለች፤ ደወልም አላት። ባለ12 ሰዓት ስለሆነች፣ ቀትር ላይ ስድስት ብላችሁ ብትሞሏት በእኛው አቆጣጠር ትቆጥርላችኋለች።

ከውጭ ዘመድ የላካት ወይም ከድሮ ዕቃ መሐል የተገኘች ካለቻችሁ፣ ዛሬውኑ የባትሪዋን ክዳን ክፈቱ። የሚያስፈልጓት ሁለት ክብ የሰዓት ባትሪዎች ናቸው፤ አሮጌዎቹ ውስጧ ከከረሙ ግን ፈሳሻቸው ወጥቶ መዳቡን ይበላዋል። አውጡና ወደ ሰዓት አዳሽ ውሰዷት። ስትከፍቷትም በቀስታ ይሁን፤ ሁለቱን ስክሪኖች የሚያገናኘው ስስ ገመድ የሚያልፈው በማጠፊያዋ ነው።