«ቀይዋን ያየ!»

ከጳውሎስ ታክሲ ተሳፍሮ መርካቶ የወረደ ሰው መንገድ ዳር ተኮልኩሎ የቆመ ሕዝብ ሊያጋጥመው ይችላል። መሐል ላይ አንድ ካርቶን፣ ሦስት ካርታና «ቀይዋን ያየ! ቀይዋን ያየ!» የሚል ፈጣን ምላስ አለ። አንዷ ካርታ ቀይ፣ ሁለቱ ጥቁር ናቸው። ቀይዋን ለይቶ የነካ ያስያዘውን እጥፍ ይወስዳል ይባላል። የማጭበርበሪያ ጨዋታ ነው፤ በብዙ የዓለም ከተሞችም ይታወቃል። ታማሚ ይዞ ከክፍለ ሀገር ጳውሎስ ሆስፒታል የመጣ ሰው የመድኃኒት ገንዘቡ እንዳይበላበት ስለምፈልግ አሠራሩን በግልጽ እናገራለሁ። የካርታ ምትሃት ለሚወድም ትኩረት እንዴት እንደሚሰረቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

የእጁ ሥራ አጭር ነው። አጫዋቹ በአንድ እጁ ሁለት ካርታ ደርቦ ይይዛል፤ ቀይዋ ከታች ናት። የታችኛዋን የጣለ መስሎ የላይኛዋን ያስፈነጥራል። ተመልካቹም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚከታተለው ጥቁሯን ነው።

ዋናው ብልሃት የሚመጣው ግን ሰውዬው መጠራጠር ሲጀምር ነው። አጫዋቹ ፖሊስ የመጣ አስመስሎ ዞር ይላል። ከከበቡት አንዱ፣ ግብረ አበሩ፣ የቀይዋን ጫፍ ቶሎ አጠፍ አድርጎ አጠገቡ ያለውን ይጠቅሰዋል። ተጠቃሹ ምስጢር ያገኘ መስሎት ልቡ ይሞላል፤ ዓይኑም ከታጠፈችው ጫፍ አይነቀልም። አጫዋቹ ካርታዎቹን ሲያፈራርቅ የቀይዋን ጫፍ አቅንቶ የጥቁሯን ያጥፋል። ገንዘቡ ሄደ። «ወደዚያ እይ» ያለው ማንም የለም፤ ምን እንደሚያይ ራሱ የወሰነ ይመስለዋል።

በምትሃት መድረክም ትልልቆቹ ባለሙያዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ተመልካቹ ለመደነቅ ፈቅዶ መምጣቱ ነው። ስፔናዊው አርቱሮ ዴ አስካኒዮ ሥውር እንቅስቃሴ ሌላ ምክንያት ባለው እንቅስቃሴ ውስጥ እንዲያልፍ ያስተምር ነበር። ካርታው ከቀኝ ወደ ግራ እጅ የተሻገረው ቀኝ እጅ ብዕር እንዲያነሳ ከሆነ፣ መሻገሩን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ጥያቄም እንዲሁ ያገለግላል፤ ስሙን የተጠየቀ ሰው ቀና ብሎ የጠያቂውን ፊት ያያል። ከሁሉ የሚመቸው ግን የሳቅና የጭብጨባ ሰዓት ነው። «አለቀ» ብሎ ልቡ ያረፈ ተመልካች ፊት የሚቀጥለውን ማዘጋጀት ይቻላል።

ጉስታቭ ኩን እና ቤንጃሚን ታትለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ምትሃት የሚያዩ ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ምትሃተኛው ሲጋራ በግልጽ ከእጁ ሲጥል አብዛኞቹ አላዩም፤ ማየት አለማየታቸውም በዚያች ቅጽበት ዓይናቸው ካረፈበት ቦታ ጋር አልተያያዘም። ዓይን ደርሶ ልብ ካልደረሰ ማየት የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ፍጥነት ላይ ባይደክም እመክራለሁ። ፈጣን እጅ ራሱ ጥርጣሬ ይጠራል። የሚያጋልጠው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ዓይን ነው፤ ሥውሩን ሥራ በሚሠራው እጁ ላይ ያፈጥጣል፣ ተመልካቹም ተከትሎት ያፈጥጣል። መስታወት ፊት መለማመድም ይህን ጉድለት ይደብቃል፤ ብዙ ሰው ወሳኟ ቅጽበት ላይ ሳይታወቀው ዓይኑን ይጨፍናልና። በስልክ ቀርጾ፣ መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ እጁን ቢመለከት ይሻለዋል።