ዘገየ አስፋው እና ያልተቋጨው የመሬት ጥያቄ

ከ1967 ዓ.ም. በፊት በእንጭኒና በአምቦ ዙሪያ ያረሰ ጭሰኛ ወቅቶ ያበራየውን ጤፍ በቀጥታ ወደ ጎተራው አያስገባም ነበር። መጀመሪያ አውድማው ላይ በቁና ይሰፈራል፤ እንደ ውሉ እኩሌታው ወይም ሲሶው ለባለመሬቱ ይወጣል። ባለመሬቱ ሌላ ጭሰኛ ከፈለገ ደግሞ ያ ገበሬ ከነቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣል።

ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ባለመሬቶች የበዙበት ፓርላማ ግን የጭሰኝነትን ሕግ ረቂቅ ሳያጸድቀው ቀረ። ነገሩን የቆረጠው ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጀው ዐዋጅ ቁጥር 31 ነው። ረቂቁን ካዘጋጁት መካከል ዋነኛው፣ የሕግ ባለሙያውና የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስትሩ አቶ ዘገየ አስፋው ነበሩ። ዐዋጁ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሬት መሸጥ፣ መለወጥና በዋስትና ማስያዝንም ከለከለ። በዚያ ዘመን ከወጡት ሕጎች ሁሉ የገበሬውን ኑሮ የዚህን ያህል የለወጠ አላውቅም።

ዐዋጁ ግን መሬትን «የሕዝብ ሀብት» ሲል፣ የማዘዙ ሥልጣን በተግባር የመንግሥት ሆነ። አቶ ዘገየ ራሳቸው የዚያን መንግሥት ክንድ ቀምሰዋል፦ የፍትሕ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ለዓመታት ያለ ፍርድ ታሰሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በመጣው የሽግግር ዘመን በኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ወገን የግብርና ሚኒስትር ሆነው ነበር፤ ድርጅቱ በ1984 ዓ.ም. ከሽግግሩ መንግሥት ሲወጣ እሳቸውም ሥልጣኑን ተዉ። ከዚያ ሁንዴ የተባለውን የልማት ድርጅት አቋቁመው ከኦሮሞ ገበሬዎች ጋር፣ በእህል ባንክና በሴቶች መብት ላይ ሠሩ። እኔ ከሹመታቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ሕጉን ያረቀቀ ሰው ሕጉ ወደ ደረሰበት ጎጆ መመለሱ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ዐዋጅ ቁጥር 455/1997 ከማሳው ለሚነሣ ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ካሳ መደበ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። በሁለቱ ዐዋጆች መካከል፣ በከተማዋ ዙሪያ ያለውን የኦሮሚያ መሬት የሚያካትተው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መጣ። በ2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ።

ዛሬ ገበሬው ሣጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው የይዞታ ደብተር አለው፤ የባልም የሚስትም ስም ሰፍሮበታል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋል ተብሎ ደብዳቤ ሲደርሰው ግን፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው ስለ ካሳው መጠን እንጂ መሬቱን ልስጥ አልስጥ ብሎ አይደለም።