ተጨማሪ መረጃ፦ የጎማ አየር፣ በአሸዋና በጭቃ

ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በበበቃ ቡና እርሻ በኩል ወደ ዲማ ቆላ የሚወርድ ሹፌርና የአፋርን በረሃ የሚያቋርጥ ሹፌር የሚጋሩት ችግር አለ፤ መሬቱ የመኪናውን ክብደት አይችልም። መፍትሔው በዚህ ቀመር ውስጥ ይገኛል፦

ግፊት = ኃይል ÷ ስፋት

ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ላንድ ክሩዘር በእያንዳንዱ ጎማ በአማካይ 7,350 ኒውተን ያሳርፋል። የጎማው አየር 240 ኪሎ ፓስካል ሲሆን መሬት የሚነካው ክፍል በግምት 306 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አየሩን ወደ 120 ብናስተነፍሰው ስፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ አሸዋውም ጎማውን ይሸከማል።

ጭቃ ግን ሌላ ነው። በቡና አገር ያለው ቀይ ሸክላማ አፈር ሲረጥብ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል፤ አየር መቀነስ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሹፌሮች ጎማ ላይ ካቴና ያስራሉ፤ ከባድ ዝናብ ከጣለም ወንዙ እስኪጎድልና መንገዱ እስኪጠነክር ይጠብቃሉ። ለጉዞው የተሻሉት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው።

ከመነሳት በፊት፦
• አካፋ፣ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ
• የመጎተቻ ገመድና የጎማ መንፊያ
• ትርፍ ነዳጅ፦ በከባድ ማርሽ ሲኬድ ፍጆታው ይጨምራል
• የመጠጥ ውኃ፦ በበረሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር

ጥያቄ፦ ወደ አስፋልት ሲመለሱ ጎማውን እንደገና መንፋት ለምን ያስፈልጋል? (ፍንጭ፦ አየሩ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር አብዝቶ ይተጣጠፋል፤ ይግላልም።)