«ሺፕሼፕ» በአማርኛ፦ ከመርከብ ወለል እስከ ስንዱ ቤት

«ሺፕሼፕ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቅጽል ቃል በቃል ሲፈታ «የመርከብ ቅርጽ ያለው» ማለት ነው፤ በአገልግሎቱ ግን ሁሉም ነገር በየቦታው የተቀመጠበትንና ለሥራ ዝግጁ የሆነን ስፍራ ይገልጻል። መነሻው የባሕር ኑሮ ነው። በጠባብ መርከብ ላይ ያልተጠቀለለ ገመድ ወይም ያልታሰረ ጭነት በማዕበል ጊዜ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ሥርዓት ከውበት አስቀድሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የሌሎች ባሕርተኛ ሕዝቦች ቃላትም ከዚህ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። የሆላንድኛው «ስኾን ስኺፕ ማክን» እና የጀርመንኛው «ክላር ሺፍ ማኽን» ሁለቱም ከመርከብ የመነጩ ፈሊጦች ናቸው፤ ይሁንና የሚያተኩሩት የተዝረከረከን ነገር በማጥራት ላይ እንጂ ዝግጁ ሆኖ በመቆየት ላይ አይደለም።

አማርኛ ሥርዓትን ሲገልጽ በአመዛኙ የተዋሰው ከእርሻ ነው። «ፈር ያዘ» እና «ፈር ለቀቀ» የሚሉት አባባሎች መነሻቸው ማረሻ የሚቀደው ፈር ነው። ላቲንም «ሊራ» ከሚለው የእርሻ ቃል «ዴሊራሬ»ን አውጥቶ፣ ከትልም መውጣትን ለአእምሮ መቃወስ ተጠቅሞበታል። ፈር ግን የሚመለከተው የነገርን አካሄድ እንጂ የዕቃን አቀማመጥ አይደለም።

ልዩነቱን በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ሊያሳየን ይችላል። በባሕር ዛፍ መካከል የተዘረጋው የእግር መንገድ ቆሻሻ ከሌለበት «ጽዱ» ነው፤ ዳርና ዳሩ ከተስተካከለ «መልክ ይዟል»። ለፈረስ ግልቢያ የሚያገለግሉት ኮርቻና ልጓም በየመስቀያቸው ተሰቅለው፣ ጠፍራቸው ተፈትሾ፣ ፈረሰኛ በመጣ ጊዜ ወዲያው ለመጫን ቢደርሱ ግን ሁለቱም ቃላት አይበቁም። የሚስማማው «ተሰናድቷል» ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው «ስንዱ» ንጽሕናን፣ ሥርዓትንና ዝግጁነትን አንድ ላይ ይይዛል። «ስንዱ እመቤት» ቤቷን ስላጸዳች ብቻ አትመሰገንም፤ ያልታሰበ እንግዳ ሲደርስ የምታቀርበው ስለማታጣ ነው። ለባሕርተኛው ማዕበል የሆነው ለእርሷ እንግዳ ነው፤ ሁለቱም የሚመጣበትን ሰዓት አያስታውቅም። ስለዚህ ለ«ሺፕሼፕ» የቀረበው አቻ የሚገኘው ከወደብ ሳይሆን ከጓዳ ነው።

ጉዳዩ ከመዝገበ ቃላት ያልፋል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም የንግድ መርከቦች አሏት፤ ባሕርተኞችንም ታሠለጥናለች። የመርከብን ወለል ሥርዓት የሚያዝ መመሪያ «ወለሉ ጽዱ ይሁን» ተብሎ ቢተረጎም፣ ሠልጣኙ ወለሉን አጥቦ ገመዱን ሳይጠቀልል ሊተው ይችላል። «ስንዱ» ይበልጥ ለሰው የሚቀጸል በመሆኑ፣ ለስፍራ «ሁሉም በየቦታው ተሰናድቶ» ማለት ይሻላል። አቻ ቃል ሲመረጥ መለኪያው የቃሉ ሥዕል ሳይሆን ቃሉ የሚያሠራው ሥራ ሊሆን ይገባል።