«ምንም አይሰማኝም» ብሎ የግፊት መድኃኒት ማቋረጥ

አባትዎ የደም ግፊት ኪኒናቸውን አቁመዋል። ሲጠየቁ «ምንም አይሰማኝም፤ ጎረቤታችን ያለ ኪኒን ሰማንያ ዓመት ኖሯል» ይላሉ። ቤተሰብ ይህን ግትርነት ይለዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ የምናውቀውና የምናደርገው ሲጋጩ ውስጣችን ይረበሻል። ሰላም ለማግኘት ወይ ድርጊታችንን እንለውጣለን፣ ወይ ሰበብ እንፈልጋለን። ሲጋራ አጫሽን በምሳሌነት አንስቷል፤ ከማቆም ይልቅ ጉዳቱን ማቃለል ይቀላል።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለሌለው ሰበቡ እውነት ይመስላል። የአንጎል፣ የልብና የኩላሊት የደም ሥሮች ግን ሳይታወቅ ይጎዳሉ።

«ይሞታሉ!» ብሎ ማስፈራራት ረብሻውን ስለሚጨምር ሰበቡን ሊያጠነክረው ይችላል። ይልቅ «አባባ፣ መድኃኒቱ ምን አስቸገረዎት?» ብለው ይጠይቁና ሳያቋርጡ ያዳምጡ። ደረቅ ሳል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት ወይም የዋጋው ነገር ሊሆን ይችላል (ብዙዎች ይህን ለሐኪም መናገር ያፍራሉ)። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይር ወይም መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል። ጤነኛ ሆነው ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለም ራሳቸው ይናገሩት፤ ሰው ከሌላ ምክር ይልቅ በገዛ አፉ ያለውን ያምናል።

የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአነጋገር መኮላተፍ በድንገት ከታየ ግን ክርክሩን ትተው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።